የኢንፍሉዌንዛ ክትባትን ከጎጃም ሆኖ ለማግኘት፦ ምን ይጠብቁ፣ ምን ይጠይቁ

የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በአገራችን መደበኛ የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ ስላልተካተተ፣ ከደጀን እስከ ዳንግላ ያለ ሰው እንደ ኩፍኝ ክትባት በቅርቡ ጤና ጣቢያ በነጻ አያገኘውም፤ ጠይቆና አፈላልጎ፣ ብዙውን ጊዜም ከፍሎ የሚወስደው ነው። በሕፃናት የክትባት ካርድ ላይ ያለው ፔንታቫለንት የተባለው አምስት በሽታዎችን የሚከላከል ክትባት ከሚከላከላቸው አንዱ በስም ብቻ የሚመሳሰለው «ሔሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ» ባክቴሪያ እንጂ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ስላልሆነ ልጁ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ወስዷል ማለት አይደለም።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ከክትባቱ የሚጠበቀውን ይወቁ። ክትባቱ በዓመቱ ከሚዘዋወረው ቫይረስ ጋር በደንብ በሚገጥምበት ጊዜ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ኢንፍሉዌንዛን ከ40 እስከ 60 በመቶ ይቀንሳል፤ ካልገጠመ ከዚህ በታች ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በየዓመቱ በየካቲት ለሰሜኑ፣ በመስከረም ለደቡቡ ንፍቀ ክበብ የሚሆኑትን ዝርያዎች የሚመርጡት ወቅቱ ከመድረሱ ወራት አስቀድመው ሲሆን፣ ቫይረሱ በእነዚህ ወራት መልኩን ሊቀይር ይችላል። ከዚህም ሌላ አብዛኛው ክትባት የሚመረተው በዶሮ እንቁላል ውስጥ ስለሆነ ቫይረሱ ለእንቁላሉ ሲስማማ ከመጀመሪያው ጠባዩ የሚርቅበት ጊዜ አለ፤ ኤች3ኤን2 የተባለው ዝርያ በዚህ ይታወቃል። ቁጥሩ አነስተኛ የሚመስላቸው አሉ፤ በእኔ ግምት ግን ለስኳር ሕመምተኛ አባት ወይም ለነፍሰ ጡር እናት ከባድ ሕመምና የሳንባ ምች የመያዝ ዕድልን መቀነሱ ብቻውን ወጪውን ይክሳል። ተራውን ጉንፋን የሚያመጡት ሌሎች ቫይረሶች ስለሆኑ፣ ከክትባቱ በኋላ አፍንጫዎ ቢያፈስ ክትባቱን አይውቀሱ።

በቤትዎ ሁሉንም ማስከተብ ካልቻሉ ነፍሰ ጡሮችን፣ አረጋውያንን፣ የልብ፣ የአስምና የስኳር ሕመም ያለባቸውን፣ ከ6 ወር በላይ የሆኑ ትንንሽ ልጆችንና የጤና ባለሙያዎችን ያስቀድሙ። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ክትባቱ አይሰጥም፤ እናቱ በእርግዝናዋ ወቅት ከተከተበች ግን ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይጠቅመዋል። ዕድሜው ከ9 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከተብ ቢያንስ በ4 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ መውሰድ ይኖርበታል።

ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ ከመሄድዎ በፊት ክትባቱ መኖሩን በስልክ ይጠይቁ። ሲደርሱ የካርቶኑን የአገልግሎት ማብቂያ ቀንና የተዘጋጀበትን ወቅት ይመልከቱ፤ የሰሜኑ ዝግጅት ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመታትን፣ የደቡቡ አንድ ዓመት ይጠቅሳል። ያለፈው ወቅት ክትባት ርካሽ ቢሆንም አይግዙት። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፤ ሙቀት ያበላሸዋል፣ አንዴ በረዶ ሆኖ ከረጋም ቢቀልጥ ኃይሉ አይመለስም፤ ስለዚህ በበረዶ ላይ በቀጥታ ማስቀመጥም ጉዳት ነው። ከአዲስ አበባ በዘመድ እጅ በፌስታል ተይዞ የአባይን በረሃ አቋርጦ የመጣ ብልቃጥ ሲታይ ምንም ያልሆነ ቢመስልም ኃይሉን አጥቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ብልቃጡን ከማስመጣት ይልቅ ማቀዝቀዣው ካለበት ሄደው ቢከተቡ ይመረጣል።

በዕለቱ ከፍተኛ ትኩሳት ካለብዎ እስኪሻልዎ ያቆዩት፤ በቀደመ ክትባት ከባድ የአለርጂ ምላሽ ገጥሞዎት ከነበረም ለባለሙያው ይንገሩ። በመርፌ የሚሰጠው ክትባት ሕይወት ያለው ቫይረስ ስለሌለበት ኢንፍሉዌንዛ አያስይዝም፤ ክንድ ላይ ሕመምና ለአንድ ወይም ሁለት ቀን መጠነኛ ትኩሳት ግን የተለመዱ ናቸው። መከላከያው የሚጠነክረው ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ሲሆን፣ በወራት ውስጥ ስለሚደክም በየዓመቱ ይታደሳል።

ይህን የየዓመት ድካም ለማስቀረት ተመራማሪዎች ከቫይረሱ የማይለዋወጠውን ክፍል የሚያጠቃ ክትባት እየሞከሩ ነው፤ በኤምአርኤንኤ (የቫይረሱን ቁራጭ እንዲሠራ ለሰውነት መመሪያ በሚሰጥ ሞለኪውል) የሚሠራውም በፍጥነት ሊመረት ስለሚችል ዝርያዎቹን ለወቅቱ ቀረብ ብሎ ለመምረጥ ዕድል ይሰጣል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እያቃጠልን የምናስበው የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ይኸው ኢንፍሉዌንዛ ነበርና፣ ፈጽሞ አዲስ ዝርያ ቢነሣ የየዓመቱ ክትባት ስለማይበቃ የምርት ፍጥነቱ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ለአሁኑ ገበያ ግን አንድ ነገር ይያዙ፦ ያማጋታ የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ቢ ዝርያ ከመጋቢት 2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወዲህ በዓለም ላይ ስላልታየ ክትባቶቹ ከአራት ዝርያ ወደ ሦስት እየተመለሱ ናቸው፤ ሻጩ «ባለ አራቱ ይበልጣል» ብሎ ዋጋ ቢጨምርብዎ አይቀበሉት።