ዩኤስዲቲ ሲላክ፦ ርካሹ ኔትወርክ የሚያዋጣው መቼ ነው?

ደብረ ብርሃን ሆኖ ለውጭ ደንበኛ እየሠራ ክፍያውን በዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር በታሰረ ክሪፕቶ፣ ማለትም ዲጂታል ገንዘብ) የሚቀበል ሰው «በየትኛው ኔትወርክ ልላክልህ?» መባሉ አይቀርም፤ ኔትወርክ የሚባሉት ዝውውሩን የሚመዘግቡት እንደ ኢቴሪየም፣ ትሮንና ቢኤንቢ ቼይን ያሉ ሥርዓቶች ናቸው። ከዚያ በፊት ግን ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ክሪፕቶን ለክፍያ መጠቀም ሕገ ወጥ መሆኑን እንዳሳወቀ ይወቁ፤ በሥራ ላይ ያለውን መመሪያ አይተው ይወስኑ።

የኔትወርክ ክፍያ በገንዘቡ መጠን አይሰላም፤ 20 ዶላርም ይሁን 5,000 ያው ነው። ኢቴሪየም ላይ አንድ የዩኤስዲቲ ዝውውር ወደ 65,000 ጋዝ (ክፍያው የሚሰላበት የሥራ መለኪያ) ይፈጃል። የጋዝ ዋጋ 20 ግዌይ (ግዌይ የኢቴሪየም ገንዘብ የሆነው የኢተር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) ሲሆን 0.0013 ኢተር ይመጣል፤ ለ5,000 ዶላር ኢምንት፣ ለ20 ዶላር ግን ከባድ ነው። ትሮን ላይ 65,000 ገደማ ኢነርጂ (የትሮን የሥራ መለኪያ) ይበቃል። የተቀባዩ ዋሌት (የክሪፕቶ ቦርሳ) ውስጥ ምንም ዩኤስዲቲ ከሌለ ግን ወደ 130,000 ያድጋል፤ ብዙዎች «ክፍያው ዛሬ ለምን እጥፍ ሆነ?» የሚሉት በዚህ ነው። ዋሌትዎ ውስጥ ጥቂት ቲአርኤክስም (ክፍያው የሚቆረጥበትን የትሮን ገንዘብ) ያስቀምጡ፤ አለዚያ ዩኤስዲቲው ይታያል እንጂ አይወጣም። ሳይሳካ የቀረ ዝውውርም ክፍያውን አይመልስም።

ብር የሚጠፋው ግን በክፍያ ሳይሆን በአድራሻ ነው። የትሮን አድራሻ በ«ቲ» ፊደል ስለሚጀምር በኢቴሪየም ልላክ ቢሉ ዋሌቱ እምቢ ይላል። የኢቴሪየምና የቢኤንቢ ቼይን አድራሻ ግን መልኩ አንድ ነው፤ ቢሳሳቱ የሚያስቆምዎ የለም። የራስዎ ዋሌት ከሆነ ሌላውን ኔትወርክ ጨምረው ያገኙታል። የክሪፕቶ መገበያያ ድርጅት አድራሻ ከሆነና ያን ኔትወርክ የማይቀበል ከሆነ መመለሱ በእነሱ ፈቃድ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ 5 ዶላር ይላኩ፤ ሲደርስ ቀሪውን ያስከትሉ። ሁለት ጊዜ መክፈሉ ቢያስቆጭም ለትልቅ ገንዘብ ከዚህ የረከሰ ዋስትና የለም። አድራሻውን ከቀድሞ ዝውውር ዝርዝር አይቅዱ። አጭበርባሪዎች መጀመሪያና መጨረሻው የሚመሳሰል አድራሻ ሠርተው ዜሮ ገንዘብ በመላክ ዝርዝሩ ውስጥ ይሸጎጣሉ፤ የመሀሉንም ፊደል ያመሳክሩ።

ጣርማበር ላይ የስልክ ኔትወርክ ቢቆራረጥ «ላክ»ን ደግመው አይጫኑ። የዝውውሩን መለያ ቁጥር በብሎክ መመልከቻ ገጽ (ዝውውሮችን በሚያሳይ ድረ ገጽ) ይፈልጉ። ትሮን ላይ ዝውውሩ እስኪጸና 19 ብሎክ (የዝውውሮች ጥቅል)፣ አንድ ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል።