ላኮክ ለመሄድ ካሰባችሁ

ከለንደን ወጣ ብላችሁ ጥንታዊ የእንግሊዝ መንደር ማየት ካማራችሁ ላኮክን ሞክሩ። ከፓዲንግተን በባቡር ቺፕንሃም ትወርዳላችሁ፤ ከዚያ አውቶቡስ አለ። ስትደርሱ መጀመሪያ የመመለሻውን ሰዓት ሰሌዳ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የገጠር አውቶቡስ ካመለጠ አመለጠ ነው።

በጠዋት ሂዱ፣ መንገዱ ጭር ሲል ነው የሚያምረው። ቤቶቹ ውስጥ ሰው ይኖራል፤ በመስኮት ማጮለቅ ነውር ነው (እኔ አንዴ መጋረጃ ተዘግቶብኛል!)።

የድሮውን ገዳም ግን ሳታዩ እንዳትመለሱ። የፎቶግራፍ ፈር ቀዳጅ የሆነው እንግሊዛዊው ፎክስ ታልቦት በ1835 እ.ኤ.አ. አንዱን መስኮት ፎቶ አንስቶ ነበር። ኔጌቲቩ (ብርሃንና ጥላው ተገልብጦ የሚታይበት ምስል) ቴምብር ቢያክል ነው፤ እስከ ዛሬ ከተረፉት ሁሉ ቀዳሚው እሱ ነው። ታልቦት መጀመሪያ ሲሠራ በማጉያ መነጽር 200 ያህል የመስታወት ቁራጮች ይቆጠሩ ነበር ብሎ ጽፎበታል። መስኮቱ ዛሬም እዚያው ነው፣ ጠጋ በሉና ቁጠሩ።