ጎማው አይዞርም፣ ዶሮዋ አትለቅምም፦ ተንቀሳቃሽ የእንጨት መጫወቻ ሲያስቸግር

ቤት ውስጥ መጫወቻ መስራት ስትጀምሩ ቅርጹን መቁረጥ አይደለም የሚያስቸግረው፣ እንቅስቃሴው ነው። መኪናዋ ታምራለች ግን ትንገዳገዳለች፣ ስትጎተት መሬት መልቀም የነበረባት ዶሮ ዝም ብላ ትሄዳለች። ሰው ታዲያ መጀመሪያ የሚያደርገው ዘይት ጠብ ማድረግ ወይ ቀዳዳውን ማስፋት ነው፣ ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን ያብሱታል፣ ዘይቱ አቧራ ይሰበስባል፣ በኋላ ኮላ ስታደርጉበት አይዝም፣ የሰፋ ቀዳዳ ደግሞ ተመልሶ አይጠብም። ስለዚ ምንም ከመንካታችሁ በፊት የቱ ነው መዞር ያለበት የቱ ነው ዝም ብሎ መያዝ ያለበት የሚለውን ለዩ። ወይ ዘንጉ (ሁለቱን ጎማ የሚያገናኘው ክብ እንጨት) ከጎማው ጋር ተጣብቆ በመኪናዋ ሆድ ውስጥ ይዞራል፣ ወይ ዘንጉ ሆዷ ላይ ተጣብቆ ጎማው ብቻ ይዞራል። ሁለቱም ይሰራል፣ ጣጣው መደባለቁ ላይ ነው።

ጎማው ጨርሶ አይዞርም

ማታ ሲዞር የነበረው ጠዋት ደርቆ ካገኛችሁት ኮላው ነው፣ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። ኮላውን ዘንጉ ጫፍ ላይ ቀብታችሁ ጎማውን ስትገፉት ጎማው ኮላውን እየጠረገ ወደ ውስጥ ይወስደዋል፣ በቃ ሆዱ ቀዳዳ ውስጥ ይገባና ሁሉንም አንድ ላይ ያጣብቀዋል። ነጭ ኮላ ከሆነ በጸጉር ማድረቂያ አሙቁትና ጎማውን ቀስ እያላችሁ ጠምዝዙት፣ ሙቀት ያለሰልሰዋል። እምቢ ካለ ዘንጉን በሴጌቶ መጋዝ ቆርጣችሁ የቀረውን በፑንታ (የድሪል መብሻ) አውጡትና ሌላ ዘንግ አስገቡ። ለሚቀጥለው ግን ኮላውን ጎማው ቀዳዳ ውስጥ በስቴኪኒ ቀቡት፣ ያኔ ዘንጉ ሲገባ የተረፈውን ወደ ውጪ ነው የሚገፋው፣ ስትጠርጉት ያልቃል። ዘንጉ ሆድ ውስጥ የሚያርፍበትን ቦታ ደግሞ ሻማ አሹት፣ ሰም ላይ ኮላ አይዝም፣ ለማዞርም ከዘይት በጣም ይሻላል።

በበጋ የሰራችሁት ክረምት ሲገባ ከጠበቀ እርጥበቱ ነው። እንጨት በቁመቱ ምንም አያብጥም ማለት ይቻላል፣ በወርዱ ግን ያብጣል፣ ስለዚ ክቡ ዘንግ ሲወፍር ቀዳዳው በአንድ በኩል እዛው እንዳለ ይቀራልና ይቆነጥጠዋል። በሐምሌ ቀዳዳ ለማስፋት አትቸኩሉ፣ ደረቅ ቦታ ጥቂት ቀን አቆዩትና እዩት። ከመጀመሪያው ለ6 ሚሜ ዘንግ 6.5 ወይ 7 ሚሜ ከበሳችሁ ይሄ ሁሉ አይመጣም። ለትንሽ መኪና ኩሽኔታ እንግጠም የሚል ሰው አይጠፋም፣ እሱ የሰፈር ልጆች ለሚነዱት ጋሪ ነው፣ እዚህ ሰምና ትንሽ ክፍተት ይበቃል።

ጎማው ይንገዳገዳል

ጎማውን እያዞራችሁ እርሳስ ጠርዙ አጠገብ ያዙ። ጠርዙ እርሳሱን አንዴ እየነካ አንዴ እየራቀ ከሆነ ቀዳዳው መሃል ላይ አይደለም። ወደ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ ቀዳዳው ተጣሞ ነው የተበሳው። የመጀመሪያው ቀላል ነው፣ ጎማውን ብሎን ላይ በዳዶ አጥብቃችሁ ብሎኑን ድሪል ላይ ግጠሙት፣ እየዞረ ጠርዙን በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ያዙት፣ ትንሽ ያንሳል እንጂ ከቀዳዳው አንጻር ክብ ይሆናል። የተጣመመው ግን በማስፋት አይድንም፣ በእንጨት ደፍኖ እንደገና መብሳት ነው ያለው። የእጅ ድሪል ብቻ ካላችሁ በአንድ ወፍራም እንጨት ላይ ቀጥ ያለ ቀዳዳ ባለ ማቆሚያ ድሪል ካለው ሰው ጋር አስበሱና እሱን እንደ መሪ ላዩ ላይ አስራችሁ ብሱ።

ድሪል ላይ የሚገጠም የክብ መቁረጫ መጋዝ የምትጠቀሙ ካላችሁ ደግሞ መሃሉ ያለው ፑንታ ብዙ ጊዜ 6.35 ሚሜ ነው፣ ዘንጋችሁ 6 ከሆነ ትንሽ ይላወሳል። ጎማው ዘንጉ ላይ በነጻ የሚዞር ከሆነ ይሄ ጥሩ ነው፣ የሚጣበቅ ከሆነ ግን ጠማማ ሆኖ ይደርቃል፣ ስለዚ ኮላው እስኪደርቅ ቀጥ አድርጋችሁ ደግፉት።

ዶሮዋ አትለቅምም

ዶሮዋ የቆመችበት ጋሪ የኋላ ዘንግ መሃል ላይ ካም አለ፣ ማለትም ቀዳዳው ከመሃል የራቀ ክብ እንጨት። ሲዞር አንዲት ቀጥ ያለች እንጨት ወደ ላይ ይገፋል፣ እሷ የዶሮዋን ጅራት ታነሳለች፣ አፏ ዝቅ ይላል። ቀዳዳውን ከመሃል 5 ሚሜ ካራቃችሁት ጅራቱ 10 ሚሜ ይነሳል፣ እጥፍ ነው። እና ዶሮዋ ጨርሶ ካልተነቃነቀች መጀመሪያ የሚታየው የኋላ ጎማዎቹ ዘንጉ ላይ ተጣብቀዋል ወይ የሚለው ነው፣ ለመኪናው የለመዳችሁትን በነጻ የሚዞር ጎማ እዚህ ካደረጋችሁ ካሙ መቼም አይዞርም። ተጣብቀውም ሴራሚክ ላይ የሚንሸራተቱ ከሆነ ከአሮጌ ካላማዳሪ ቀጭን ቆርጣችሁ ጎማው ዙሪያ ለጥፉ። ጎማው እየዞረ ካሙ የሚቆም ከሆነ ኮላው ለቋል፣ ካሙንና ዘንጉን አንድ ላይ በ2 ሚሜ ብሱና ስቴኪኒ በኮላ አስገቡበት፣ ከዛ በኋላ አይለቅም።

በጣም የሚያናድደው ጅራቷ ተነስታ ሳትወርድ ስትቀር ነው። ብዙዎች ቀዳዳው ጠቦ ነው ብለው ያሰፉታል፣ ያኔ ይብሳል። እንጨቷ የምታልፍበት ኮምፔንሳቶ (ተደራርቦ የተጣበቀ ጣውላ) ስስ ከሆነ ካሙ በጎን ሲገፋት ትንጋደድና ጠርዙን ትነክሳለች፣ ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር መንጋደዷ ይጨምራል። መፍትሄው ቀዳዳውን ረጅም ማድረግ ነው፣ ከስር ሌላ እንጨት ለጥፋችሁ 6 ሚሜ ለሆነች እንጨት ከ15 እስከ 20 ሚሜ የሚሆን መተላለፊያ ስጧት፣ ካሙን የሚነካውን ጫፏን ክብ አድርጉት፣ ሰም አሹት። አሁንም ከቀረች ክብደት ጎድሏታል፣ ጅራቷ ውስጥ ሮንዴላ (መሃሉ የተበሳ ክብ ብረት) ቅበሩ።

ወደፊት እየለቀመች ወደ ኋላ ስትገፋ የምትቆለፍ ከሆነ ካሙን ቀስ ብሎ ወጥቶ በድንገት የሚወርድ ቅርጽ ሰጥታችሁታል። እንቅስቃሴው ያምራል ግን ልጅ ወደ ኋላ ሳይገፋ አይውልም፣ በክብ ቀይሩት።

ዘንጉ ይሰበራል

የእንጨቱ ጭረት በሰያፍ ወጥቷል ማለት ነው። ከባህር ዛፍ በመጋዝ የተሰነጠቀ ዘንግ ይሄ ይበዛበታል፣ ቀርከሃ ሰንጥቃችሁ ብትልጉ ጭረቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ይችላል። የእንስሳት እግር የሚሰበረውም እንደዛው ነው፣ ጭረቱ በእግሩ ቁመት እንዲሄድ አድርጋችሁ ቁረጡ።

ለህጻን ከመስጠታችሁ በፊት

ከ3 ዓመት በታች ከሆነ የሚወልቅ ነገር ሁሉ 31.7 ሚሜ ስፋት ካለው፣ ልጅ የሚያንቅ ነገር ከሚለይ የሙከራ ቱቦ ውስጥ መግባት የለበትም፣ ትንሽ ጎማ ከሆነ በደንብ ጎትታችሁ ሞክሩት። በዶሮዋ ጅራትና በጋሪው መሃል ያለው ክፍተት ስትንቀሳቀስ ከ5 ሚሜ በታች ወይ ከ12 ሚሜ በላይ ይሁን፣ መሃሉ ጣት ይይዛል። ቫርኒሽ ቀዳዳ ውስጥ አይግባ፣ ከቀባችሁ በኋላ ጎማው የጠበቀው በዚ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ለአጥር ነው፣ ልጅ አፉ ለሚያስገባው ነገር አይሆንም። በቆርቆሮ የሚሸጠው የተፈላ የተልባ ዘይትም ብዙ ጊዜ ማድረቂያ ኬሚካል አለበት፣ ለምግብ የሚሆነውን ተጠቀሙ፣ ቶሎ አይደርቅም ግን ይሻላል፣ የቀባችሁበትን ጨርቅ ደግሞ ጨምድዳችሁ አትጣሉት፣ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል ውጪ ዘርግታችሁ አድርቁት።