የሰሜን ተራሮች ጓዝ፦ ኪሎውም ቦታውም ይቆጠር

አንድ ኪሎ በሶና አንድ ኪሎ ድርቆሽ ሚዛን ላይ እኩል ናቸው። ቦርሳ ውስጥ ሲገቡ ግን በሶው ሁለት ሊትር ያህል ቦታ ይበቃዋል፤ ድርቆሹ የቦርሳውን ሆድ ሞልቶ ሌላውን አላስገባ ይላል። የተራራ ጓዝ ስንሸክፍ ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ቀላል ነው» ብለን የያዝነው ዕቃ ቦታ ይፈጃል፤ ቦታ ሲጠበን ትልቅ ቦርሳ እንገዛለን፤ ትልቁ ቦርሳ ባዶውንም ይከብዳል፤ ክፍት ቦታ ሲተርፈው ደግሞ «ይህቺንም ልጨምር» ያሰኛል።

ለምሳሌ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ከሳንቃበር ሰፈር ተነስቶ በግጭ በኩል ጨነቅ ሰፈር የሚያደርሰውን መንገድ እንውሰድ፤ አራት ቀን፣ ሦስት ሌሊት፣ ሁለት ሰው በአንድ ድንኳን። ግጭ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በበጋው ወራት ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል።

መጀመሪያ ሚዛንና 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ አምጡ። እያንዳንዱን ዕቃ መዝኑ፤ ከዚያ ባልዲው ውስጥ ጠቅጠቅ አድርጋችሁ የት ድረስ እንደሞላ እዩ። ግማሽ ከደረሰ 10 ሊትር ነው። ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን ጻፉ። በአንድ ሰው ድርሻ ሒሳቡ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ ቦርሳው 1.8 ኪሎ፣ የድንኳን ድርሻ 1.3፣ የመኝታ ከረጢት 1.3፣ የስፖንጅ ምንጣፍ 0.4፣ ልብስ 1.8፣ የምድጃና የድስት ድርሻ 0.6፣ መድኃኒት፣ ባትሪና ጥቃቅኑ 0.6። በጉዞው የማያልቀው ቋሚ ዕቃ ድምሩ 7.8 ኪሎ ነው። ምግብ በቀን 700 ግራም ሲታሰብ 2.8፣ ላምባ 0.4፣ ውሃ ሁለት ሊትር 2 ኪሎ ይጨምራል፤ ጠቅላላው 13 ኪሎ ይሆናል። ሸክም ከሰውነት ክብደት አንድ አምስተኛ ባያልፍ ይመረጣል፤ ስለዚህ ይህ 65 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ልኩ ነው። ምንጣፉ ውጭ ከታሰረ 50 ሊትር ቦርሳ ይበቃል።

ከሚዛኑ ካለፈ፣ ጥቂት ግራም ለመቀነስ ብሎ የጥርስ ብሩሽ እጀታ መቁረጥ ዋጋ የለውም። ቦርሳው፣ ድንኳኑና የመኝታ ከረጢቱ ብቻቸውን ከቋሚው ዕቃ ከግማሽ በላይ ይይዛሉ፤ መቀነስ የሚቻለውም እዚያ ነው። የላባ መኝታ ከረጢት ለተመሳሳይ ሙቀት ከሰው ሠራሹ ቀላልም ታጣፊም ነው፤ ነገር ግን ውድ ነው፣ ከራሰ ደግሞ ሙቀቱን ያጣል። የስፖንጅ ምንጣፍ ተቃራኒው ነው፦ ቀላል፣ ርካሽ፣ እሾህ የማይፈራ፣ ግን ቦታ ፈጂ። በነፋስ የሚሞላው በጣም ትንሽ ሆኖ ይታጠፋል፤ ከተበሳ ግን ሌሊቱን መሬት ላይ ነው። ጋቢ ለምሽት የሚያህለው የለም፤ ዝናብ ሲነካው ግን ጥጡ ውሃውን ይዞ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም። በቅሎ ካለ ይሂድ፤ በጀርባ ከሆነ ቤት ይቅር።

ምግብ ሲመረጥ ነዳጁም አብሮ ይታሰብ። በግጭ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ስለሆነ ምስርና ባቄላ ቶሎ አይበስሉም፤ በእህሉ የቀነሳችሁት ክብደት በላምባ ይመለሳል። በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ እሳት አይፈልጉም፤ ሽሮም ቶሎ ይደርሳል። ድርቆሽ ካማራችሁ ፍርፍር አድርጋችሁ አድቅቁትና ድስቱ ውስጥ ሙሉት። ባዶ ድስት መሸከም አየር መሸከም ነው። በአውሮፕላን የምትመጡ ከሆነ የምድጃ ጋዝ ቆርቆሮ አይፈቀድም፤ ነዳጁን ከደረሳችሁ በኋላ ግዙ።

ሲሸከፍ የቦርሳውን ውስጥ በወፍራም ትልቅ ፌስታል አልብሱት። የዝናብ መሸፈኛ ከላይ ቢያለብሱትም ውሃ በጀርባ በኩል ይገባል። የመኝታ ከረጢቱ ከሥር ይግባ። ምግብና ድንኳን የመሳሰለው ከባዱ መሀል ላይ፣ ጀርባን ተጠግቶ፣ በትከሻ አጥንቶች መካከል ይሁን። ልብስ ክፍተቱን ይሙላ። ልብስን በመጭመቂያ ከረጢት አጥብቆ ማሰር ብልህነት ይመስላል፤ ግን እንደ ድንጋይ የጠጠሩ ድብልብሎች ይወጡታል፣ በመካከላቸውም ባዶ ቦታ ይቀራል። ኪሎውም አይቀንስም። የድንኳኑን ምሰሶ ከሸራው ለዩና በቦርሳው ጎን አቁሙት፤ አንዱ ሰው ሸራውን፣ ሌላው ምሰሶና ካስማውን ይካፈሉ። ላምባው ቀጥ ብሎ ውጭ ኪስ ውስጥ ይቁም፤ ከምግብ ጋር ፈጽሞ አይግባ። ምንጣፉን በቁመት እሰሩት፤ በአግድም ከታሰረ ቁጥቋጦ ይይዘዋል፣ በገደል አፋፍ ላይ ደግሞ ነፋስ ይገፋዋል።

በቅሎ ከተከራያችሁ ሒሳቡ ይለወጣል። ኪሎው ይቀልላል፤ ቅርጹና ሚዛኑ ግን ይከብዳል። ጭነቱ ግራና ቀኝ እኩል መሆን ስላለበት ከአንድ 30 ኪሎ ቦርሳ ሁለት ባለ 15 ኪሎ ይሻላል። ጎማና ጠንካራ ጠርዝ ያለው ሻንጣ የበቅሎዋን ገላ ይልጣል፤ ለስላሳ ረጅም ቦርሳ ይሁን። በቅሎዋ ከእናንተ ተለይታ ልትሄድ ስለምትችል ውሃ፣ የዝናብ ልብስ፣ አንድ ሙቅ ልብስና ስንቅ ከጀርባችሁ አይለዩ።

ከጉዞው በፊት ሙሉውን ተሸክማችሁ አንድ ሰዓት ዳገት ውጡ። የወገብ ቀበቶው የዳሌ አጥንት ላይ ተቀምጦ ቀድሞ ይጠበቅ፣ የትከሻው ማንገቻ ቀጥሎ። ትከሻ ካመመ ቀበቶው ወደ ሆድ ወጥቷል ወይም ላልቷል። ወደ ኋላ የሚጎትት ከሆነ ከባዱ ዕቃ ከጀርባ ርቋል። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የውሃው ነው፤ ሁለቱን ሊትር በሁለት ጠርሙስ ከፍላችሁ ግራና ቀኝ አድርጉት፤ ስትጠጡም ከሁለቱም እያፈራረቃችሁ።