ለኤንኤስኤፍ የምርምር ገንዘብ ሲያመለክቱ

የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን (ኤንኤስኤፍ) ገንዘቡን የሚሰጠው በአብዛኛው ለዩኒቨርሲቲው ነው። ስለዚህ ማመልከቻውን የሚልከው እርስዎ ሳይሆኑ የዩኒቨርሲቲው የምርምር ጽሕፈት ቤት ነው፤ ሰነዱንም ከቀነ ገደቡ ቀናት ቀድሞ ይፈልገዋል። መጀመሪያ ይህን ይጠይቁ።

ረቂቁን ከመጻፍዎ በፊት ሐሳብዎን በአንድ ገጽ አጠቃልለው በኤንኤስኤፍ ውስጥ ዘርፉን ለሚመራው የፕሮግራም ኃላፊ በኢሜይል ይላኩ። «ይህ የእኛ ዘርፍ አይደለም» የሚል መልስ ከመጣ የወራት ድካም ተረፈልዎት ማለት ነው።

ዋናው የፕሮጀክት መግለጫ በአብዛኛው ከ15 ገጽ አይበልጥም። ፊደሉ ታይምስ ኒው ሮማን ከሆነ መጠኑ ከ11 አይነስ። ማጠቃለያው 1 ገጽ ሲሆን ሦስት ክፍሎች አሉት፦ አጠቃላይ መግለጫ፣ ሳይንሳዊ ፋይዳ፣ ለኅብረተሰቡ የሚያስገኘው ጥቅም። ሦስተኛው በዋናው መግለጫም ውስጥ የራሱ ርዕስ ሊኖረው ይገባል። ይህ ርዕስ ከጎደለ ማመልከቻው ሳይገመገም ሊመለስ ይችላል።

ብዙ ጎበዝ ተመራማሪ የሚወድቀውም እዚሁ ላይ ነው። «ተማሪዎችን እናሠለጥናለን» ብሎ ማለፍ ገምጋሚውን አያሳምንም። «በየክረምቱ 6 የኮሌጅ ተማሪዎች ቤተ ሙከራችን ገብተው የራሳቸውን ሴንሰር ይሠራሉ» ይበሉ፤ ማን እንደሚመለምላቸው፣ ውጤቱ በምን እንደሚለካ፣ ወጪው በጀቱ ውስጥ የት እንዳለ ያሳዩ።

ለውድ መሣሪያ ፕሮፎርማ ይያዙ። ከኤንኤስኤፍ የሚጠየቀው የመሪ ተመራማሪው ደመወዝ በመደበኛው አሠራር በዓመት ከ2 ወር አይበልጥም። የኤንኤስኤፍ የማመልከቻ ጥሪ ካልጠየቀ «ዩኒቨርሲቲው ከራሱ ይጨምራል» ብለው ቃል አይግቡ፤ ክልክል ነው።