የጎግል ሺትስ ፊልተር ቪውን ማባዛት፦ ቅጂው ባዶ ሆኖ እንዳይጠብቃችሁ

ብዙ ሰው በአንድ ሺት ላይ ሲሠራ ተራው ፊልተር ያጨቃጭቃል። አንዱ የራሱን ብቻ ለማየት ሲያጣራ፣ ሌላው "ረድፎቼ የት ገቡ?" ይላል። ፊልተር ቪው፣ ማለትም ስም ተሰጥቶት የሚቀመጥ የማጣሪያ እይታ፣ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም የየራሱን እይታ ከፍቶ ይሠራል፤ የሌላው ስክሪን አይነካም። አንድ በደንብ የተስተካከለ እይታ ካላችሁ ደግሞ ሁለተኛውን ከዜሮ መጀመር አያስፈልግም። ማባዛት ይቻላል።

አንድ የሥራ ዝርዝር አለን እንበል። አምዶቹ "ሥራ"፣ "ክፍል"፣ "ሁኔታ" እና "የማስረከቢያ ቀን" ናቸው። "የዲዛይን ሥራዎች" የሚል እይታ ተቀምጧል፤ ያለቁትን ይደብቃል፣ የቀሩትን በቀን ይደረድራል። አሁን ለሽያጭ ክፍልም እንደዚሁ ያለ እይታ ይፈለጋል።

1. ፋይሉን በኮምፒውተር ክፈቱ። የማረም ፈቃድ ሊኖራችሁ ይገባል። ማየት ብቻ የተፈቀደለት ሰው የሚከፍተው እይታ ጊዜያዊ ነው፤ አይቀመጥም።

2. "ዳታ" ከሚለው ሜኑ ገብታችሁ "የዲዛይን ሥራዎች"ን ክፈቱ። ከዚያ የእይታውን አማራጮች ክፈቱና "ዱፕሊኬት"ን ምረጡ። ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ስሙን "የሽያጭ ሥራዎች" በሉት። ስም ሳይቀየርላቸው የተከማቹ ቅጂዎች የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም፤ መጨረሻ ላይ አንዱ መጥቶ የሚሠራበትን እይታ ያጠፋዋል።

3. አሁን ማጣሪያውን ቀይሩ። ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ ሥሩት።

በ"ክፍል" አምድ ላይ ያለውን የፊልተር ምልክት ስትጫኑ ሁለት መንገድ ታገኛላችሁ። አንዱ በዋጋ (በቫልዩ፣ ማለትም በሴሉ ውስጥ በተጻፈው ነገር) ማጣራት ነው፤ ከዝርዝሩ ውስጥ የማትፈልጉትን ምልክት ታነሳላችሁ። ሌላው በሁኔታ (በኮንዲሽን፤ "ሁኔታ" የሚለው አምድ ማለት አይደለም) ማጣራት ነው፤ "ጽሑፉ በትክክል ይህ ከሆነ አሳይ" ትሉታላችሁ። ሁለቱ አብረው ይሠራሉ፣ አንዱ ሌላውን አይሽርም። ዋናው እይታ የተሠራው የሽያጭንና የሂሳብን ምልክት በማንሳት ከሆነ፣ ቅጂውም "ሽያጭን ደብቅ" የሚለውን ትእዛዝ ይዞ ይመጣል። እናንተ ደግሞ በላዩ ላይ "ሽያጭን ብቻ አሳይ" ብትሉት ውጤቱ ባዶ ሺት ነው። ዳታው አልጠፋም። ሁለት ትእዛዝ ተጋጭቶ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ በዋጋ የሚያጣራው ዝርዝር ውስጥ ሁሉንም ምረጡ። የድሮው ድብቅ ዝርዝር ይጸዳል። ከዚያ በኋላ ሁኔታውን አስገቡ።

እኔ ለሚባዛ እይታ ሁልጊዜ በሁኔታ ማጣራትን እመርጣለሁ። ምልክት በማንሳት ሲጣራ ሺትስ የሚይዘው የተደበቁትን ዝርዝር ነው። ነገ "ግዢ" የሚል አዲስ ክፍል ቢጨመር፣ በተደበቁት ውስጥ ስለሌለ ሽያጭ እይታ ላይ ብቅ ይላል። በሁኔታ ከሆነ ግን ሽያጭ ያልሆነ ሁሉ አይገባም።

በአማርኛ ለምንሠራ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። "ሂሳብ" እና "ሒሳብ" ለኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። "በትክክል" የሚለው ሁኔታ አንዱን ሲያሳይ ሌላውን ይጥለዋል። ሁለቱም ፊደላት በሚጻፉበት አምድ ላይ እይታ ከማባዛታችሁ በፊት አምዱን ወደ ድሮፕዳውን ቀይሩት። ሰው ከዝርዝር ሲመርጥ የፊደል ልዩነት አይፈጠርም።

4. የእይታውን ሬንጅ፣ ማለትም ማጣሪያው የሚሸፍናቸውን ረድፎችና አምዶች፣ ተመልከቱ። ቅጂው የዋናውን ሬንጅ እንዳለ ይወስዳል። ዋናው እስከ 200ኛው ረድፍ ብቻ ከሆነ፣ ከ201 በታች ያለው አይጣራም። የሌላ ክፍልም ይሁን ያለቀ ሥራ እንዳለ ይታያል። ከታች ያሉትን ባዶ ረድፎች ጨምራችሁ ሬንጁን አስፉት። የሁኔታ ማጣሪያው ባዶዎቹን ራሱ ይደብቃቸዋል።

5. ሊንኩን ላኩ። እያንዳንዱ እይታ የራሱ አድራሻ አለው። ስለዚህ አዲሱን እይታ ከፍታችሁ ከብራውዘሩ አናት ላይ ያለውን አድራሻ ኮፒ አድርጉ። ከድሮ መልእክት ፈልጋችሁ ብትልኩ የዲዛይን እይታ ነው የሚከፈትላቸው።

ሁለት ነገር አደራ። የተባዛው ማጣሪያው እንጂ ዳታው አይደለም። በቅጂው ላይ ሆናችሁ አንድ ሴል ብትቀይሩ ወይም ረድፍ ብታጠፉ ከሁሉም ሰው ነው የሚጠፋው። ደግሞም እይታ ምስጢር አይጠብቅም። ሊንኩ የደረሰውና ፋይሉን መክፈት የሚችል ሰው እይታውን ዘግቶ ሙሉውን ሺት ያያል። ደመወዝን የመሰለ ነገር ካለ የተለየ ፋይል አዘጋጁ።

ኤክሴል ላይ ከስተም ቪውስን (የኤክሴል የተቀመጡ እይታዎችን) የምትጠቀሙ ከሆነ የማባዣ ቁልፍ አትፈልጉ፣ የለውም። ያለውን እይታ ክፈቱ፣ የምትፈልጉትን ቀይሩ፣ ከዚያ "አድ" ብላችሁ በአዲስ ስም አስቀምጡት። "ከስተም ቪውስ" የሚለው ቁልፍ ራሱ ደብዝዞ አልጫንም ካላችሁ በፋይሉ ውስጥ እንደ ቴብል የተሠራ ዳታ አለ ማለት ነው። ቴብሉን ወደ ተራ ሬንጅ ስትመልሱት ይከፈታል።