ወርከር ስትጨምሩ ቆጣሪያችሁ ከተዘባረቀ

በፓይተን ሰርቨር የምትሠሩ ልጆች፣ ይቺን ልብ በሉልኝ። ላፕቶፓችሁ ላይ የሚሠራው አንድ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) ብቻ ስለሆነ፣ ስንት ሰው እንደገባ የሚቆጥር ግሎባል ቫሪያብል ምንም ችግር አያሳይም። ጉኒኮርንን (የፓይተን ዌብ ሰርቨር ነው) በ4 ወርከር፣ ማለትም ጥያቄ በሚያስተናግዱ 4 ፕሮሰሶች፣ ስታስነሱት ግን ገጹን ሪፍሬሽ ባደረጋችሁ ቁጥር 12 ይላል፣ ቀጥሎ 9፣ ከዚያ ደግሞ 13። እኔ የብራውዘር ካሽ መስሎኝ ግማሽ ሌሊት ፈጅቶብኛል።

እያንዳንዱ ወርከር በፎርክ (ፕሮሰስ ራሱን በማባዛት) የተፈጠረ፣ ራሱን የቻለ ፕሮሰስ ነው፤ ሜሞሪያቸው ለየብቻ ስለሆነ አንዱ የጻፈውን ሌላው አያየውም። ስለዚህ የጋራ የሆነውን ነገር ከፕሮሰሶቹ ውጭ አውጡት። ሬዲስ (ሁሉም ወርከሮች የሚደርሱበት የዳታ ማስቀመጫ) ላይ ካስቀመጣችሁት በኢንክር (INCR) ትእዛዝ ጨምሩ፤ ማንበቡን፣ መጨመሩንና መጻፉን በአንድ ትንፋሽ ስለሚጨርስ መሃል የሚገባበት የለም። በጌት (GET) አንብባችሁ በሴት (SET) ብትጽፉ ግን ሁለት ወርከሮች እኩል 41 ያነባሉ፣ ሁለቱም 42 ይጽፋሉ፣ አንድ ሰው ሳይቆጠር ቀረ ማለት ነው።

የምትሠሩት በትሬድ (በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ጎን ለጎን በሚሄዱ ሥራዎች) ከሆነ ሜሞሪው የጋራ ነው። ቢሆንም ጊል (GIL፣ በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ የፓይተን ኮድ እንዲያስኬድ የሚያደርገው የፓይተን ቁልፍ) አለልኝ ብላችሁ አትዘናጉ፤ አንድ መደመር እንኳ በሎክ (በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ በሚያስገባ ቁልፍ) ይታሰር።

ደግሞ እባካችሁ፣ የዳታቤዝ ኮኔክሽን ከፎርክ በፊት አትክፈቱ! በተለይ ፕሪሎድ (አፑን ከፎርክ በፊት የሚጭነውን የጉኒኮርን ምርጫ) ካበራችሁ ሁሉም ወርከሮች ያንኑ ሶኬት (የኮኔክሽኑን መስመር) ይወርሱና የአንዱ ደንበኛ መልስ ለሌላው ሊደርስ ይችላል። ፖስት ፎርክ (post_fork) በሚባለው ሁክ፣ ማለትም ጉኒኮርን ከፎርክ በኋላ በሚጠራው ፈንክሽን ውስጥ ክፈቱት፤ ያኔ እያንዳንዱ ወርከር የራሱን ይይዛል።